ከቆራሌ ጆንያ የወጣች ቮልስ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና የምታፈሉ አፍሉ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላችሁም ቀስ እያላችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ የምጠይቃችሁ ነገር ስላለ ግን መሀል ላይ ጥላችሁኝ እንዳትሄዱ።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ትንሽ መኪና ፎቶ ለጥፌ ነበር። ከሩቅ ሲያዩዋት ቮልስ ትመስላለች፤ ቀረብ ሲሉ ደግሞ ያቺ የምናውቃት ቮልስ አይደለችም። ፓራፋንጎ የላትም። የኋላ ጎማዎቿ አብጠዋል፣ የፊቶቹ አንሰዋል። ሞተሯ ከኋላ ተገልጦ ይታያል። ጎኗ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ጽሑፍ አለ። አራት ወር ፈጅታብኛለች፤ ከሙጫ፣ ከሪቬትና ከብርጭቆ ወረቀት በስተቀር ሁሉ ነገሯ ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነው።

አብዛኞቻችሁ በጎ በጎውን ጻፋችሁልኝ፤ አመሰግናለሁ። ጥቂቶቻችሁ «ቲቸር፣ ጡረታው ሰለቸዎት እንዴ?» አላችሁ። «በዚህ ዕድሜ አሻንጉሊት?» ያለም አለ። እነዚህን ስቄ አለፍኳቸው። አንደኛው አስተያየት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ቆሻሻ ቆሻሻ ነው፤ እኛ የምንለፋው ልጆቻችንን ከዚህ ለማውጣት ነው» ይላል። የጻፈው ሰው ጨዋ ነው፣ በክፋት እንዳላለው አውቃለሁ። ስለዚህ ተገቢ መልስ ይገባዋል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ነገሩ የጀመረው በእኔ መኪና አይደለም፤ በልጅ ልጄ መኪና ነው።

ስድስተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ «የመጓጓዣ ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ» አለ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም፤ ስሙን ብጠራው እናንተ እሱን ብቻ ትረግሙና ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። ልጁ ገልባጭ መኪና ሠራ። አካሉ የጭማቂ ካርቶን፣ ማራገፊያው የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው ቆርኪ። የሚያስገርመው ግን ማንሻው ነው። ከፋርማሲ ሁለት አዳዲስ ሲሪንጆች ገዛ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። በቀጭን ላስቲክ አገናኛቸውና ውሃ ሞላቸው። ትንሹን ሲገፋው ትልቁ የሰርዲኑን ቆርቆሮ ከነጠጠሩ ያነሳዋል። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የፓስካል ሕግ ነው። እኔ በጠመኔ ብቻ ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ግማሻችሁ ተኝታችሁ ያለፈውን ትምህርት ይህ ልጅ በእጁ ይዞት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ንጹሕና ማራኪ በሆነ ዕቃ ተሠርቶ ይምጣ» ተብሎ ተጽፏል። ኤግዚቢሽን ላይ የቆሙት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተገዝተው የመጡ፣ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ፣ የማይንቀሳቀሱ የፎም አውሮፕላኖች ናቸው። ልጁ አላለቀሰም። መኪናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «አባባ፣ ቆሻሻ ነው እንዴ?» አለኝ። በቃ፣ እሱን ብቻ ነው የጠየቀኝ።

በማግስቱ ቆራሌ ጠራሁ። ልሸጥለት መስሎት ነበር ሰውየው። «የለም፣ እኔ ነኝ የምገዛው፤ ጆንያህን ፍታው» ስለው እንደ እብድ ነው ያየኝ።

እንግዲህ መኪናዋ ይቺ ናት። በመጀመሪያ ግን ዘመዶቿን ላስተዋውቃችሁ።

አሜሪካኖች «ሆት ሮድ» የሚሉት የመኪና ዓይነት አለ። በፊልም አይታችሁት ይሆናል፤ አሮጌ ፎርድ ሆኖ ሞተሩ ተገልጦ፣ ፊቱ ዝቅ ብሎ፣ ኋላው ከፍ ብሎ የሚሄደው። ዛሬ የሀብታም መጫወቻ ነው። አጀማመሩ ግን የድሃ ልጅ ሥራ ነበር። ፎርድ ከእ.ኤ.አ. 1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና አመረተ። በ1930ዎቹ እነዚህ መኪኖች አርጅተው የትም ወድቀው ነበር፤ ዋጋቸውም የወደቀ። በ1932 ደግሞ ፎርድ ርካሽ መኪና ላይ የመጀመሪያውን ባለ 8 ሲሊንደር ቪ ሞተር ገጠመ፤ 65 የፈረስ ጉልበት። ያ ሞተር የተገጠመላቸው መኪኖች ተጋጭተው ወደ ቁርጥራጭ ግቢ ሲገቡ፣ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ሞተሩን ከዚህ፣ ሻንሲውን ከዚያ፣ ፍሬኑን ከሌላ እየለቀሙ ገጣጠሙ። ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኖውን፣ መስተዋቱን ነቅለው ጣሉት። ለምን? ለጌጥ አይደለም፤ ክብደት ለመቀነስ ነው። ከዚያ ሙሮክና ኤል ሚራጅ በሚባሉ ደረቅ የሐይቅ ወለሎች ላይ ወስደው ተሽቀዳደሙበት። በ1937 ማኅበር አቋቋሙ። በ1948 በዚሁ ስም መጽሔት ወጣ። በ1997 ደግሞ ፔብል ቢች የሚባለው፣ የዓለም ውድ መኪኖች በሣር ላይ ቆመው የሚሸለሙበት ውድድር ለሆት ሮድ የራሱን ምድብ ከፈተ።

አያችሁ መንገዱን? ከቁርጥራጭ ግቢ እስከ ሽልማት ሣር ድረስ 60 ዓመት። ያን ጊዜ እነዚያን ልጆች «ንጹሕና ማራኪ በሆነ ዕቃ ሠርታችሁ ኑ» ያላቸው ሰው ጠፍቶ አይመስለኝም። ደግነቱ አልሰሙትም።

እኔ ለምን ፎርድ ትቼ ቮልስ መረጥኩ? ፎርድ የእኔ ትዝታ አይደለማ። ቮልስ ግን የሰፈራችን ሐኪም መኪና ናት፣ የዳይሬክተሬ መኪና ናት፣ ዛሬም አዲስ አበባ ዳገት ላይ እየተንተከተከች የምትወጣ መኪና ናት። ምርቷ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ እስኪቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው። ብሎኑን ፈታህ፣ አወጣኸው። ስለዚህ ቮልስን ወደ ሆት ሮድ የሚቀይሩ ሰዎች በውጭ አገር ብዙ ናቸው። ለሆት ሮድ እንግዳ ዘመድ ናት እንጂ ባዳ አይደለችም።

አሁን ወደ ሥራው። ልኬቷ 1 ለ 10 ነው። የእውነተኛዋ ቮልስ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 2 ሜትር ከ40 ነው፤ የእኔዋ 24 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረባት። የፊት አክስሏን ወደ ፊት 3 ሳንቲ ሜትር ገፋኋትና 27 ሆነች።

ቮልስ ሁሉ ነገሯ ክብ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ በአንድ በኩል ይታጠፋል እንጂ እንደ እንቁላል በሁለት በኩል አይጎብጥም፤ ይጨማደዳል። ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ካበላሸሁ በኋላ ነው ይሄ የገባኝ። ስለዚህ ቀድሞውኑ የጎበጠ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ጣሪያዋ የአሮጌ ማንቆርቆሪያ ሆድ ነው። የፊት ኮፈኖዋ እጀታው የተሰበረ ጭልፋ ነው። ቀጥ ያሉት ጎኖቿ ብቻ ናቸው የዘይት ቆርቆሮ። ማንቆርቆሪያው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየምና ቆርቆሮ ደግሞ በተራ ስታኞ አይያያዙም። ይሄንንም ያወቅኩት ጣቴን ካቃጠልኩ በኋላ ነው። በሪቬት አሰርኳቸው።

የፊት ጎማዋ 6204 የሚባል ኩሽኔታ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር። ዙሪያውን በከመነዳሪ ቁራጭ ለበጥኩት። ቀዳዳው ለአክስሌ ሰፋብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ በምን እንደምሞላው ሳስብ ቆየሁና፣ ቧንቧ ሠራተኛ ግቢያችን ውስጥ ጥሎት የሄደ የ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቁራጭ አገኘሁ። እንደ ተሰፋለት ገባ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ባለቤቴ ትቆጣለች፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የኋላ ጎማዋ የማርማላታ ክዳን ነው፣ በሸበጥ ሶል ተለብጦ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆኗል። የሞተሯ ክንፎች ከሞተ ኮምፒውተር ውስጥ የወጣ የማቀዝቀዣ አሉሚኒየም፣ የጭስ ማውጫዋ የሬዲዮ አንቴና፣ መሪዋ የቁልፍ ቀለበት።

እና ትሄዳለች! እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ወረቀት ያዙ። ከቴፕ ውስጥ ያወጣሁት ሞተር ጀርባው ላይ 2400 ይላል፤ በደቂቃ 2400 ዙር ማለት ነው። በቀጥታ ከጎማው ጋር ብናገናኘው፣ ጎማው በአንድ ዙር 23.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ በወረቀት ላይ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በወረቀት ላይ! ሳገናኘው ንቅንቅ አላለችም። ሞተሩ ፍጥነት አለው እንጂ ጉልበት የለውም። ከተበላሸ ፕሪንተር ጥርሶች ፈታሁ፤ ባለ 12 ከባለ 48 ጋር፣ ባለ 15 ከባለ 45 ጋር። 4 ሲባዛ በ3፣ 12 እጥፍ መቀነስ። አሁን በሰከንድ ወደ 78 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች። ቀርፋፋ ናት፣ ግን ትሄዳለች። ፍጥነትን ሸጠን ጉልበት ገዛን። ካምቢዮ ማለት ይሄው ነው፤ 28 ዓመት ሳስተምረው ይሄን ያህል በእጄ ነክቼው አላውቅም።

ጠቅላላ ወጪዬ 640 ብር ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ያየው የፎም አውሮፕላን ከዚህ በላይ ነው የተሸጠው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ።

«ቆሻሻ ቆሻሻ ነው» ላልከኝ ወዳጄ የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው፤ አንተ የምታየው ዕቃውን ነው፣ እኔ የማየው ሥራውን። የተገዛው አውሮፕላን ላይ ተማሪው የሠራው ሥራ ምንድን ነው? ገንዘብ ከአባቱ መቀበል። የሚሰጠው ነጥብ ታዲያ ለማን ነው? ለአባቱ ኪስ ነው። ያንን ለሃያ፣ ለሠላሳ ልጆች ፊት ለፊት ስታደርገው ሁሉም አንድ ነገር ይማራሉ፤ መሥራት ያዋርዳል፣ መግዛት ያስከብራል። ይሄን ትምህርት በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ግን ከሁሉም ትምህርቶች በላይ የሚያዝ እሱ ነው።

«ጊዜው የሮቦትና የኮዲንግ ነው፣ እርስዎ በቆርቆሮ ይቀልዳሉ» የሚሉኝም አሉ። ሮቦቱን አልጠላም፤ ያለው ያምጣው። ግን በሳጥን የሚመጣ መገጣጠሚያ ሁሉም ቁራጭ በልክ የተሠራ ነው። ልጁ የሚማረው መመሪያ መከተል ነው፤ እሱም ጥሩ ነገር ነው። ቁርጥራጭ ግን በልክ አይመጣም። ምንም ነገር ከምንም ነገር ጋር አይገጥምም። ስለዚህ መለካት ግድ ነው፣ መሳል ግድ ነው፣ ማሰብ ግድ ነው። ያደጉት አገሮችም ይሄን ያውቁታል። እዚያ የሞዴል ሠሪዎች ልማድ ከአንዱ ሳጥን ጎማ፣ ከሌላው ሞተር እየወሰዱ ያልነበረ መኪና መሥራት ነው። በ1977 የወጣው ስታር ዋርስ ፊልም ላይ ያያችኋቸው መንኮራኩሮች ገጽታቸው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ነገር ከፕላስቲክ ታንክና ከአውሮፕላን አሻንጉሊቶች የተለቀመ ቁራጭ ነው። ዓለም ሁሉ ከፍሎ ያየው የልቅምቃሚ ሥራ ነው!

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከበድ ይላል፤ በቀልድ አላልፈውም። «ድህነትን በፈጠራ ስም አታስጌጡ» የሚል ነው። ልጆቻችን ከቆሻሻ ላይ መኪና የሚሠሩት ሌላ ስለሌላቸው ነው፤ ያንን ማሞገስ ጭካኔ ነው ይላል።

እውነት ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። የገጠር ልጅ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ ሲገኝ ካሜራ ይመጣል፣ ሙዚቃ ይገባበታል፣ «ተስፋ ሰጪው የፈጠራ ባለሙያ» ይባላል፣ የምስክር ወረቀት በፍሬም ይሰጠዋል። ከዚያስ? ፒንሳ የሰጠው አለ? ሞርሳ? አንድ ሴጌቶ ከነምላጩ? የለም። ልጁ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በጥርሱ ሽቦ መቁረጡን ይቀጥላል። እኔም ይሄንን ነው የምቃወመው። እኔ ቁርጥራጭ ከጥሩ ዕቃ ይበልጣል አላልኩም፤ ጥሩ ላሜራ ቢኖረኝ ጭልፋ ለምን እቆርጣለሁ? የምለው ሌላ ነው። ልጁ እጁ ላይ ያለውን ችሎታ በዕቃው ርካሽነት አትመዝኑበት፤ ችሎታውን ካያችሁ ደግሞ ከጭብጨባ በፊት መሣሪያ ስጡት። ሙገሳ ያለ መሣሪያ፣ ያ ነው ድህነትን ማስጌጥ።

ደግሞስ እኛ ማነን ቁርጥራጭ የምንንቀው? መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከበርሜል ምድጃ፣ ከጎማ ባልዲና በረባሶ የሚወጣበት ቦታ ነው። ሚጣድ የሚጠገነው፣ ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ማረሻ የሚሆነው በእነዚህ ዓይነት እጆች ነው። የ50 ዓመት መኪና በከተማችን የሚሄደው ፋብሪካው መለዋወጫ እየላከልን ሳይሆን አንድ ባለ እጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለሚቀጠቅጥልን ነው። በእጁ እንኖራለን፣ ስሙን ግን ስድብ አድርገነዋል። «ቀጥቃጭ» ብለን ሰደብን፣ «ቡዳ» ብለን ሸሸን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው በሽታው ስለበረታ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ ግን አልሞተም፤ ልብስ ቀይሮ «ንጹሕና ማራኪ» ተብሎ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ይጻፋል።

ለመምህራኑም ፍትሐዊ ልሁን። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ዝገት ይቆርጣል። ከቆሻሻ ገንዳ ልጅ ዕቃ ያንሳ የሚል ሰው እኔ አይደለሁም። ሲሪንጅ ሁልጊዜ አዲስ፣ ያለ መርፌ። የድሮ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ በፍጹም ልጅ እንዳይከፍት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። የቆርቆሮ ጠርዝ በሞረድ ይሞረዳል ወይም ይታጠፋል። ግን አያችሁ፣ ይሄ ሁሉ ማስተማሪያ ነው። «ጠርዙን ሞርደህ አምጣ» ማለትና «ንጹሕ ዕቃ ገዝተህ አምጣ» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መምህር ነው፣ ሁለተኛው ነጋዴ።

አሁን እስካሁን ያልተናገርኩትን ልናገር። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ከንጹሕ ወገን ቆሜ አይደለም።

በ1991 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ክፍል አስተምር ነበር። ለፊዚክስ ፕሮጀክት ከ20 የሚያዝ አንድ የሚሠራ ነገር አምጡ አልኳችሁ። አንድ ልጅ፣ ከኋላ ረድፍ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጥ፣ ዝምተኛ፣ መኪና ይዞ መጣ። የሽቦ ሻንሲ፣ የሸበጥ ጎማ፣ የቴፕ ሞተር፣ በላስቲክ የታሰሩ ሁለት ባትሪ ድንጋዮች። ዝገት ነበረበት፣ ሙጫው ፈሷል። ሌላ ተማሪ ደግሞ አናጺ ቤት ያሠራውን፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ የእንጨት መኪና አመጣ። አይሄድም ነበር። ለእንጨቱ 19 ሰጠሁ። ለሽቦው 11።

ልጁ ወረቀቱን አየና ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ ይሄኛው እኮ ይሄዳል» አለኝ።

«ንጽሕና የለውም» አልኩት። አስታውሱ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጅ አውጥቶ አያውቅም። በሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት አቋረጠ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ የቤቱን ችግር አላውቅም። ግን በእኔ ምክንያት አይደለም ብዬ መማልም አልችልም።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ ቆሻሻ ነው እንዴ?» ሲለኝ የሰማሁት የእሱን ድምፅ አልነበረም። የዚያን ልጅ ነው። ለዚህ ነው አራት ወር በኩሽኔታና በማንቆርቆሪያ የተጫወትኩት። ጡረታ ሰልችቶኝ አይደለም። ያን ጊዜ 11 የሰጠሁት ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ በእጄ ላውቀው ፈልጌ ነው። አወቅኩት። ሞተሩን ከጎማው ጋር ለማስማማት ብቻ እኔ የፊዚክስ መምህሩ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሱ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ማንም አላስተማረውም። ሠርቶት ነበር፣ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በማስተማር ላይ ላላችሁ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ መምህራን ሆናችኋልና፣ አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ፕሮጀክት ክፍል ውስጥ ይሠራ። ቤት ከሄደ ወይ አባት ይሠራዋል ወይ መደብር ይሸጠዋል።

ሁለተኛ፣ ከ20ው ግማሹን ለሥዕሉ፣ ለልኬቱና «ለምን እንዲህ አደረግከው?» ለሚለው መልስ ያዙት። የተገዛ ዕቃ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ውበቱን ከፈለጋችሁ ከሁለት ነጥብ ያዙለት፣ ቅር አይለኝም።

ሦስተኛ፣ ያልሠራ ነገር ይዞ የመጣ ልጅ ለምን እንዳልሠራ ካስረዳ ነጥብ ስጡት። የእኔ ሁለት የተበላሹ ቆርቆሮዎች ከጣሪያው በላይ አስተምረውኛል።

አራተኛ፣ ወላጅ ኮሚቴ ገንዘብ ሲያዋጣ ለአንድ ጊዜ ለባነርና ለፊኛ መሆኑ ይቅርና አንድ የመሣሪያ ሳጥን ይገዛ፤ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ ትንሽ ሞርሳ። ለአንድ ክፍል ይበቃል፣ ለዓመታት ያገለግላል።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ልጃችሁ የፈታውን ሬዲዮ አይታችሁ ከመጮሃችሁ በፊት «ውስጡ ምን አገኘህ?» በሉት።

የልጅ ልጄን መኪና በተመለከተ፣ አልደገምነውም። እንዳለ መልሰን ላክነው፣ ከሥሩ የፓስካልን ሕግ በራሱ እጅ ጽፎ ለጠፈበት። ምን እንደሚመጣ እናያለን። የእኔዋ ቮልስ ደግሞ አሁንም ወደ ግራ ትጎትታለች። ትናንት ልጁ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲያያት ቆየና «አባባ፣ የፊቱ አክስል ጠምዟል፤ ግራው በሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ነው» አለኝ። ለካሁት። ልክ ነው።

የመጨረሻው ልመናዬ ይሄ ነው። በ1991 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ፣ ያን ልጅ ታስታውሱታላችሁ፤ ስቃችኋልና። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ እናንተም ኮሜንት ላይ አትጻፉብኝ። ግን የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት። አንተ ራስህ እያነበብከው ከሆነም፣ ወንድሜ፣ መኪናህ ይሄድ ነበር። ከ19 የሚያንስ አልነበረም። 8 ነጥብ አለብህ ከእኔ ዘንድ፤ ዘግይቷል፣ ምንም አይሠራልህም ይሆናል፣ ግን በይፋ ወስጄብህ ነበርና በይፋ መመለስ አለብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ፈቃድህ ከሆነ ቤቴ ና፤ ያቺን አክስል አብረን እናቃናት።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፣ የምትቃወሙኝም ጻፉ፤ አልቆጣም። ቸር እንሰንብት።